መቐለ ላይ ዋስ የሆንኩበት ሳምንት

ከመቐለ ከተመለስኩ ወዲህ የመምህራን ማረፊያ ውስጥ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ቤተ መንግሥቱና ስለ ሐውልቱ ነው። ሁለቱንም ያየኋቸው በሚኒባስ መስኮት፣ ያውም የሰው ትከሻ ከልሎኝ በግማሽ ነው። እነሱን የፈለገ ሌላ ሰው ይጠይቅ። እኔ የምጽፈው በ2007 ክረምት እዚያ ስለገጠመኝ ነገር ነው። የምጽፈውም ስለገባኝ አይደለም፤ ምናልባት አንባቢ ይገባው እንደሆነ ብዬ ነው።

ሐሙስ፣ ከደብረ ብርሃን ወልድያ

በደብረ ብርሃን አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። አንድ የሰላም ማኅበር ለመቐለ መምህራን የሦስት ቀን ሥልጠና ሲያዘጋጅ፣ አብሮኝ የተማረ ሰው «አቶምን የሚያስረዳ አንድ ወዳጅ አለኝ» ብሎ ስሜን ሰጠ። ርእሱ የኒውክሌር መሣሪያ ቅነሳ ውሎች ነበር፤ እንመናቸው ወይስ እንጠራጠር? የእኔ ድርሻ አገሮች እንዴት እንደሚፈተሹ ማስረዳት ነው። ተቆጣጣሪዎች በር ላይ ማኅተም ያደርጋሉ፣ ካሜራ ይተክላሉ፣ እያንዳንዷን ግራም ይቆጥራሉ። ወር ሙሉ አንብቤበት ስለነበር ቆጠራ ላይ የሚያህለኝ የለም ብዬ ነው ከቤት የወጣሁት።

የጣርማበር ጭጋግ ለእኛ የቤት ነገር ነው። ደብረ ሲና ወርደን ቆሎ ገዛሁ። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ግን ጸሐዩ አናት በሳ፤ እኔ ደግሞ የደብረ ብርሃን ሰው ነኝና ቡናማውን የሱፍ ኮቴን እንደለበስኩ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ «አውልቀው እንጂ የኔ ልጅ፣ ታመሃል እንዴ?» አሉኝ። አላወለቅሁም። ውስጡ ያለው ሸሚዝ ክርኑ ላይ ተቀዷል።

ወልድያ ያረፍኩበት አልቤርጎ ምስር ወጥ በልቼ ወደ ክፍሌ ስመለስ ቁልፉ ከኪሴ ጠፋ። ባለቤቲቱ በሩን ሊያስገነጥሉ መዶሻ አስመጡ። ቆይተው ኮቴን ዳበስ ዳበስ አደረጉና ቁልፉን ከኮቱ የታችኛው ጠርዝ፣ ከገበሩ ውስጥ አገኙት። የቀኝ ኪሴ ተቀዶ ኖሯል። «ክር ላምጣልህ?» ሲሉኝ «ግድ የለም፣ በግራው እጠቀማለሁ» አልኳቸው።

ዓርብ፣ ከወልድያ መቐለ

የግራ ካሱን ተራራ ጠመዝማዛ ስንወጣ ግማሹ መንገደኛ ጸለየ፣ ግማሹ አስታወከ። እኔ ሁለቱንም አደረግሁ። ማይጨው ላይ ዝናብ፣ ዓዲ ጉዶም ላይ ጸሐይ፣ ቁሓ ላይ እንደገና ዝናብ። ከቁሓ ወደ መቐለ ታጥፈን ስንወርድ ከተማው ከታች ተዘርግቶ ታየኝ። የኛ ከተማ ቤቶች ከብርድ ተሸሽገው ያጎነበሱ ነው የሚመስሉት፤ እዚያ ግን ድንጋዩ ነጭ ነው፣ ግንቡም ቀጥ ያለ።

የተያዘልኝ ሆቴል የተመራቂ ቤተሰብ ሞልቶት አልጋ ጠፋ። ሻንጣዬን ይዤ በረንዳ ላይ ስንቀዋለል ከሠልጣኞቹ አንዱ፣ ሓጎስ የሚባል የጂኦግራፊ መምህር፣ ሊቀበለኝ መጥቶ ነበርና ነገሩን ሰማ። ዕድሜው የኔ እኩያ ነው፤ በትግሉ ጊዜ ታጋይ የነበረ።

«በል ተነስ፣ ቤቴ ሰፊ ነው» አለኝ።

«አይ፣ አላስቸግርህም።»

«ጠየቅኩህ እንዴ? ሻንጣውን አምጣ።»

ቤቱ ሓድነት የሚባል ሰፈር ነው፣ ከአንድ ብረታ ብረት ሠራተኛ ጀርባ። ባለቤቱ ለተብርሃን በጾም ወጥ ጠረጴዛውን ሞላችው። የሐዋርያት ጾም ሊፈታ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። እኛ ዘንድ እንግዳ ሦስት ጊዜ «ጠግቤያለሁ» ካለ ይተዉታል። ለተብርሃን ግን መቁጠር አትወድም፤ «ብላዕ!» ካለች ትበላለህ፣ በቃ።

ቅዳሜ

ሥልጠናው ጥሩ ጀመረ። ሰሌዳው ላይ ዩራንየም ሳልኩ፣ ማኅተም ሳልኩ፣ ካሜራ ሳልኩ። ደቡብ አፍሪካ ራሷ የሠራችውን ቦምብ ራሷ አፍርሳ፣ ተቆጣጣሪዎች መጥተው ሒሳቡን እንዴት እንዳስተካከሉ ተናገርኩ። ከዚያ አንዲት የሥነ ዜጋ መምህርት እጇን አወጣች።

«መምህር፣ የሌላቸው አገሮች አንሠራም ብለው ፈረሙ። ያላቸው ደግሞ ወደ ማጥፋቱ እንሄዳለን ብለው ፈረሙ። የሌላቸው ብዙዎቹ ቃላቸውን ጠበቁ። ያላቸው ግን ዛሬም አላቸው። ታድያ ይሄ ውል ነው ወይስ ምክር?»

ቁጥሩ ከድሮው በጣም መቀነሱን ነገርኳት። «የቀረው ዓለምን ያጠፋል አያጠፋም?» አለች። ያጠፋል። ሰው ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ።

ሓጎስ ከኋላ ተነሳ። «የእነዚህ ሰዎች ዋሳቸው ማነው?»

«ተቆጣጣሪ አላቸው» አልኩት።

«ተቆጣጣሪ ያያል እንጂ አይከፍልም። በኛ አገር ዕርቅ ያለ ዋስ አይታሰርም። ዋሱ ቃሉ ሐሰት ከሆነ ራሱ ነው የሚከፍለው።»

የምሳ ሰዓት ደርሷል አልኩ። ምሳ ሳይደርስ ግማሽ ሰዓት ይቀረው ነበር።

ከሰዓት በኋላ መንገድ ዳር በለስ ሲሸጥ አየሁ። እንደ ሎሚ የሚያዝ መስሎኝ በእጄ አፈስኩት። በዓይን የማይታይ እሾሁ ጣቴን፣ ቀጥሎም ጣቴን የላስኩበትን ከንፈሬን ሞላው። ለተብርሃን በር ላይ አስቀምጣ በወረንጦ ስትነቅልልኝ ኮቴን አየችው። «ኪስህ ተቀዷል፣ ስጠኝና ልስፋልህ» አለች። አልሰጠኋትም። ሴትየዋ ያን ያህል ከደከመችልኝ በኋላ ደግሞ ልብሴን ትስፋ? ይሉኝታ ያዘኝ። ያን ይሉኝታ ዛሬ ባገኘው አንቄ እገድለው ነበር።

እሑድ፣ ቁሓ

ጾሙ ተፈታ። ሓጎስ ግን ማለዳ ሥጋ አልቀመሰም። «ዛሬ የኔም ውል አለ፤ አብረኸኝ ና» አለኝ። በሚኒባሱ ውስጥ ነገሩን ነገረኝ።

ታናሽ ወንድሙ ካሕሳይ ቁሓ ላይ ወፍጮ ቤት አለው። የወፍጮውን ግንብ ሲያስፋፋ ወደ አባታቸው ቦታ ገባ። ተጣሉ፣ በፋሲካ ማግስት ሁለቱም ጠመንጃ ይዘው ወጡ፤ ካሕሳይ ወደ ሰማይ ተኮሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናታቸው አደይ ለምለም ከሓጎስ ቤት ወጥተው ቁሓ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራዩ። የሁለታችሁም ቤት መሣሪያ ሳይወጣ የማናችሁንም ደጃፍ አልረግጥም፣ እህላችሁንም አልቀምስም አሉ። በሽተኛ ናቸው።

«እናቴ ትተኛባት የነበረች አልጋ እንደተነጠፈች ናት» አለኝ ሓጎስ። ድምፁ ስለተሰባበረ ወደ መስኮቱ ዞርኩለት።

ሽማግሌዎቹ አንድ ግቢ ውስጥ ተቀምጠዋል። ሰብሳቢያቸው ኣቦይ ተስፋይ የሚባሉ፣ ቀጭን ሽማግሌ። መሐል ላይ ሁለት ቁልፍ የሚቆለፍበት የእንጨት ሳጥን አለ። ሁለቱም ጠመንጃ እዚያ ይገባል፤ አንዱን ቁልፍ ሓጎስ፣ ሌላውን ካሕሳይ ይይዛል፣ ሳጥኑ ኣቦይ ተስፋይ ዘንድ ይቀመጣል። አንዱ ብቻውን ሊከፍተው አይችልም። ትላልቆቹ አገሮች ይህን ቢያዩ ይቀዱት ነበር ብዬ ተደነቅሁ።

ከዚያ ዋስ ተጠየቀ። ለካሕሳይ አንድ የቀዳማይ ወያነ ገበያ ጨርቅ ነጋዴ ቆመለት። ለሓጎስ አንድ ጎረቤቱ ሊቆም ሲል ካሕሳይ እጁን አነሳ።

«ሓድነት ያለ ሁሉ የሱ ሰው ነው። እኔ የምፈልገው እንግዳውን ነው። አገር መፈተሽ የሚያስተምር ቤት መፈተሽ ያቅተዋል?»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ውሻ በበላበት ይጮሃል አይደል?» ብሎ አጉተመተመ። ሰው ሳቀ። ካሕሳይ ግን «ይሁን፣ እሱን አምናለሁ» አለ። እኔ ዞር ዞር ብዬ ሌላ እንግዳ ፈለግሁ፤ አልነበረም።

ኣቦይ ተስፋይ ሓጎስን ጠየቁት። «በቤትህ ሌላ መሣሪያ አለ?»

«ያለኝ ይሄው ነው።»

«መምህር፣ አንተስ?»

ሁለት ሌሊት ተኝቼበታለሁ፣ ያየሁት ነገር የለም። «ዋስ ነኝ» አልኩ። ቃሌ ሐሰት ከሆነ ምን እከፍላለሁ ስላቸው ሽማግሌው አደይ ለምለም ወዳሉበት በአገጫቸው አመለከቱኝ። «እሷ እዚያችው ትቀራለች፤ አንተም እያወቅክ ትኖራለህ።»

እናትየዋ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሳጥኑ ሁለት ጊዜ ሲቆለፍ እልል አላሉም። «ሳምንት ልይ» አሉ እንጂ።

ሰኞ

ሥልጠናው ላይ ቀልቤ አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ቤት ስመለስ የክረምቱ ዝናብ ወረደና የእንግዳ ክፍሉ ጣራ እላዬ ላይ ያፈስ ጀመር። ብርድ ልብሱ እንዳይርስ ብዬ የቁም ሣጥኑን ገፋ ሳደርገው፣ ከጀርባው በዘይት ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ወደቀ። ሽጉጥ ነው።

አልጋው ላይ ቁጭ አልኩ። ጣራው አናቴ ላይ ያንጠባጥባል፣ እኔ አልነሳም።

ማክሰኞ

ሥልጠናው አልቆ ማታ ሓጎስ ቤት ቴሌቪዥን ፊት ስንቀመጥ ዜናው መጣ፤ ኢራንና ኃያላኑ ተስማሙ። ኢራን የዩራንየም ማበልጸጊያዋን ትቀንሳለች፣ ተቆጣጣሪዎች ይገባሉ፣ ማዕቀቡ ይነሳል። ሌላ ጊዜ ቢሆን አጨበጭብ ነበር።

«ሓጎስ» አልኩት፣ «ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ያለውን አይቻለሁ።»

የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሰ። «በጠመንጃ ነው የተጣላነው፣ ጠመንጃ ሰጠሁ» አለ።

«መሣሪያ ብለው ነው የጠየቁህ። እኔን ዋስ አድርገህ!»

«ካሕሳይስ ሽጉጥ የሌለው ይመስልሃል?»

«አይተሃል?»

«አላየሁም። እኔ ካለኝ እሱ አይኖረውም?» ደግሞ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠቆመኝ። «ሊብያ የነበራትን ፕሮግራም ሰጠች። ኋላ ምን ደረሰባት? አንተ አስተማሪው ንገረኛ።»

ሦስት ቀን ሙሉ ሳስተምር የከረምኩት ሰው ራሴን ጠየቅሁ። ሊብያ ላይ የሆነው ስለሰጠች ነው ወይስ በሌላ ምክንያት? ባትሰጥስ ይብስ አልነበረም? ሓጎስ ትክክል መሰለኝ፣ ወዲያው ደግሞ ሌባ መሰለኝ። «ነገ ለኣቦይ ተስፋይ ነግሬ ዋስነቴን አነሳለሁ» አልኩ።

ለተብርሃን ከጎናችን ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። ቢላዋዋን አስቀመጠች። «ሽጉጡ ይቀመጥ ወይስ እናትህ ትምጣ? አንዱን ምረጥ ሓጎስ» አለችው። እሱም ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ረቡዕ፣ እንደገና ቁሓ

ሓጎስ ማለዳ ላይ በደብተር ወረቀት የተጠቀለለ ነገር እጄ ላይ አኖረ። «ጥይቷ ነው፣ ያለኝ ሁሉ። ባዶ ሽጉጥ መዶሻ ነው፣ እሱ እኔ ዘንድ ይቆይ። ጥይቱን ለእናቴ ስጣት። እኔ ፊቷ መቆም አልችልም።»

ልቤ ተነካና ዋስነቴን ማንሣቱን ትቼ ጥቅሉን ቶሎ ኪሴ ከተትኩት። በግራ እጄ ጃንጥላ፣ በግራ ኪሴ ስልክ ነበር። የአገሮችን ግራም ሳስቆጥር የሰነበትኩት ሰውዬ ወረቀቱን እንኳ ገልጬ አላየሁም። የሰጠህን ሰው ፊቱ ላይ መቁጠር እኛ ዘንድ ስድብ ነው፤ እነሱም ዘንድ ሳይሆን አይቀርም።

የቁሓ ሚኒባስ ውስጥ አራት ሆነን ለሦስት ወንበር ተጨናነቅን። አንድ ወታደር ኮቴ ላይ ተቀመጠ። ዝናቡ በመስኮት ገብቶ ኪሴን አራሰው። ፖሊስ ባየሁ ቁጥር ፊቴን ወደ ጃንጥላዬ እመልስ ነበር። አደይ ለምለም ክፍል ስደርስ ወረቀቱ ላሽቆ ተቀዷልና ጥይቶቹን አንድ በአንድ ከኪሴ እየለቀምኩ ሰፌድ ላይ አኖርኳቸው።

አሮጊቷ አልደነገጡም። በጣታቸው እየገፉ ቆጠሩ። «ሸውዓተ» አሉ፣ ደግመውም በአማርኛ፣ «ሰባት።» ቀና ብለው አዩኝ። «ሽጉጧ ስምንት ነው የምትጎርስ። በደርግ ጊዜ ዱቄት ውስጥ የደበቅኳት እኔ ነኝ። ስንት ጊዜ ጠርጌ ቆጥሬያታለሁ መሰለህ። ስምንት ነው የነበረ። ስትቀበለው ስንት ነበር?»

«አልቆጠርኩም አደይ።»

«መምህር አይደለህ?»

አፈርኩ።

«ኣጆኻ ወደይ፣ አይዞህ ልጄ፣ አንተ አይደለህም። አንዷን ለወንድሙ አስቀርቷታል።» ሰፌዱን ወደ ጎን አደረጉትና ነጠላቸውን ተከናነቡ። «ለካሕሳይ አልነግርም፣ ደም ይሆናል። እኔ ግን እዚችው እቀመጣለሁ።»

ሓድነት ስመለስ ሓጎስ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ዓይኑ «መጣች?» ይላል። ሰባት ነው አልኩት።

«ስምንት ነው የሰጠሁህ! በማርያም!»

«ቆጥረን አየን። ሰባት ነው።»

«አንተ ስትቀበለኝ ቆጥረሃል?»

«ሽጉጥ የለኝም ብለህም ነበር እኮ» አልኩት። ከዚያ በኋላ አልማለም። ጣራውን ሊደፍን መሰላል አንስቶ ወጣ። ሰው ሲናደድ የራሱን ኪስ አይጠረጥርም፤ ወልድያ፣ ቁልፉ፣ ገበሩ፣ አንዱም ትዝ አላለኝም።

ሐሙስና ዓርብ፣ መልስ ጉዞ

ማለዳ ሻንጣዬን ተሸክሞ መናኸሪያ ድረስ ያደረሰኝ ሓጎስ ነው።  ለተብርሃን በጨርቅ የጠቀለለችው ሕምባሻ ጭኔ ላይ ይሞቃል፣ የዋሸኝን ሰው እንጀራ ይዤ እሄዳለሁ እያልኩ ራሴን አከብራለሁ። አላማጣ ላይ ፈታሾች አስወረዱን። አንዱ ደረቴንና ወገቤን ዳብሶ፣ «በዚህ ሙቀት ኮት?» ብሎ ስቆ ለቀቀኝ።

ደብረ ብርሃን ስደርስ ብርዱ ተቀበለኝ። የኛ ብርድ ቢያንስ አይዋሽም አልኩ።

ቅዳሜ፣ ቤቴ

ባለቤቴ ወይንሸት ኮቱን ልታጥበው ስታራግፈው «ይሄ ጠርዙ ላይ ያለው ምንድነው?» አለች። በገበሩ ውስጥ በጣቷ እየገፋች አመጣችውና እጄ ላይ ጣለችው። ስምንተኛዋ ጥይት ናት።

 ኔትወርክ ፍለጋ ይሁን ከባለቤቴ ዓይን ሽሽት እንጃ፣ ስልኬን ይዤ ወደ ግቢው ጀርባ ሮጥኩ። ሓጎስን ደወልኩለትና ነገርኩት፤ ይቅርታ አልኩት፣ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ። «ለእሷ ንገራት» ብቻ አለኝና የአከራይዋን ስልክ ሰጠኝ።

አደይ ለምለም እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያ በዝግታ «ደግ ልጅ ነህ ወደይ» አሉ። «ሓጎስ ነው እንዲህ በል ያለህ?»

«አይደለም አደይ! ጥይቷ ይቻት፣ እጄ ላይ ናት! ይዤያት እመጣለሁ!»

«ጥይት እኮ በየገበያው አለ።» ስልኩ ተዘጋ።

መልሼ ሓጎስን ደወልኩ። ምን እናድርግ ስለው «እንድዒ» አለ፣ አላውቅም ማለት ነው።  ቆይቶ ግን ድምፁ ሞቅ አለ። «ስማኝ፣ ጥይቷን ተዋት፣ መንገድ ላይ ትታሰርባታለህ። ኮቱን ይዘህ ና። እናቴ ልብስ ስትጠግን ነው የኖረች፤ አሮጌ ቀዳዳና አዲስ ቀዳዳ በጣቷ ትለያለች። ቀዳዳውን ትንካው። ያኔ ታምናለች። የኔ ወንድም፣ ቀዳዳውን አምጣልኝ።»

በአሥር ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ እነሳለሁ ብዬው፣ ጥይቷን ጨብጬ እየሮጥኩ ወደ ቤት ገባሁ።

ወይንሸት ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። ኮቱ ጭኗ ላይ ነው፣ መርፌዋ ነጠላዋ ላይ ተሰክቷል። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ኪሱን ገልብጣ አሳየችኝ።

«ይኸው» አለችኝ ደስ ብሏት፣ «የተቀደደውን ቆርጬ ጥዬ አዲስ ኪስ አደረግሁልህ። ቀዳዳ የነበረው አይመስልም።»